እቴጌ ጣይቱ ብጡልና የስሜን ቤት

በስሜን አገር የምትገኘው የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ትእዛዝ የተሠራች ናት። ደጃዝማች ውቤ ስሜንንና ትግሬን አንድ አድርገው በሚገዙበት ዘመን ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ፥ ለእመቤታችን ካላቸው ፍቅር በቀር፥ አንድ ቀን ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሊቀቡባት አስበው ነው። አቡነ ሰላማንም ከግብጽ አገር ያስመጡ እርሳቸው ነበሩ። ስለዚህ መቅደሱም ጳጳሱም ተሰናድተው ነበር፤ የጎደለው የመንግሥቱ ቀን ብቻ ነበር። ነገር ግን በ1847 ዓ.ም. በየካቲት ወር የቋራው ካሣ ኃይሉ ገሥግሠው መጥተው በደረስጌ አጠገብ ውጊያ ሆነ፤ ደጃዝማች ውቤም ድል ሆነው ተያዙ። ከዚያም በጥቂት ቀን ውስጥ ካሣ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው፥ ውቤ ለራሳቸው ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን፥ ውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ፥ ቅብዐ መንግሥት ተቀቡ።

እቴጌ ጣይቱ የተወለዱ ከዚህ ቤት ነው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም የደጃዝማች ውቤ ወንድም ናቸው፤ አያታቸው ደጃዝማች ኃይለ ማርያም ገብሬ የስሜን ገዥ ነበሩ። በአባታቸው እናት ወገን ደግሞ የየጁው የራስ ጉግሣ ዘር ነበሩ። የየጁ መሳፍንት በጎንደር ነገሥታት ስም አገሩን ሲያስተዳድሩ ብዙ ዘመን ኖረው፥ የመጨረሻው ራስ ዓሊ በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በዚያው በካሣ ድል መሆናቸው የታወቀ ነው። እንግዲህ የጣይቱ የአባት ቤትና የአያት ቤት ሁለቱም በሁለት ዓመት ያህል ውስጥ በአንድ ሰው ክንድ ወድቀዋል። የዘር ሐረጋቸውን እየቈጠሩ ያሳደጓቸው ሰዎች፥ ከዚያው ሐረግ ጋር የዚህን ውድቀት ወሬ ሳያስተምሯቸው አልቀሩም፤ ኋላ በእቴጌይቱ ጠባይ ላይ የታየውን ጥንቃቄና በቀላሉ ሰውን ያለማመን ነገር ሁሉ ከዚህ አንጻር መመልከት ይገባል።

የዚህ ቤት ሴቶች ልጆች ዕድል ግን ከወንዶቹ ልዩ ሆነ። ደጃዝማች ውቤ በእስር ሳሉ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ የሞቱባቸውን የመጀመሪያ ሚስታቸውን እቴጌ ተዋበችን ካዘኑ በኋላ፥ የውቤን ልጅ ወይዘሮ ጥሩወርቅን አገቡ። ጥሩወርቅ ለጣይቱ የአጎት ልጅ ናቸው። የታሰረ አባትን ልጅ ማግባት ለንጉሡ የፖለቲካ ነገር ነበር፤ ለልጂቱ ግን የአባቷን እግር ብረት እያዩ በአሳሪው ማዕድ መቀመጥ ነበር፤ ትዳሩም ደስታ አልነበረውም። ከዚህ ጋብቻ ልዑል ዓለማየሁ ተወለዱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ሲያዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲገድሉ፥ እቴጌ ጥሩወርቅ ልጃቸውን ይዘው ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በመንገድ ታመው አረፉ፤ በጨለቆት ሥላሴም ተቀበሩ። የሰባት ዓመቱ ሕፃን ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ ገና ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነው በኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ በሚባል ከተማ ሞተ፤ በዊንድሶርም ተቀበረ። የስሜን ቤት ከዙፋን ጋር የተገናኘበት የመጀመሪያው ጋብቻ ፍጻሜው ይህ ነው።

ጣይቱ በልጅነታቸው በጎጃም በደብረ መዊዕ ገዳም ኖረው ትምህርት ተማሩ። በዚያ ዘመን የመኳንንት ልጅ እንኳ ብትሆን ሴት ልጅ ፊደል ቈጥራ፥ ዳዊት ደግማ፥ በእጇ መጻፍ የምትችል ጥቂት ነበረች፤ እርሳቸው ግን ማንበብና መጻፍ ያውቁ ነበር፤ የግዕዝ ቋንቋም ያስተውሉ ነበር፤ በገና ይደረድሩ፥ ቅኔ ይወዱ፥ ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። በዚህ ትምህርት ምክንያት ኋላ በቤተ መንግሥት የሚመጣውንና የሚሄደውን ደብዳቤ በጸሐፊ አፍ ሳይሆን በገዛ ዓይናቸው ያዩት ነበር። ይህ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የውጫሌ ውል ነገር በመጣ ጊዜ ምን ያህል እንደ ረዳ ይታያል።

ወደ ሸዋ ከመምጣታቸው በፊት የነበረው ትዳራቸው አልቀናም። ባል በጦርነት ሲሸነፍ ሚስት አብራ የምትማረክበት፥ ጌታ ሲለወጥ ጋብቻ የሚለወጥበት ዘመን ስለ ነበር፥ ይህ የብዙ ወይዛዝርት ዕጣ ነው፤ በእርሳቸው ብቻ እንደ ነውር የሚቈጥሩት ሰዎች ዘመኑን የዘነጉ ናቸው።

የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በበኩላቸው በሚስት ነገር የተጐዱ ሰው ነበሩ። ከእርሳቸው ጋር ብዙ ዓመት የኖሩት ወይዘሮ ባፈና በ1869 ዓ.ም. ንጉሡ በዘመቻ ሳሉ ከፊተኛ ባላቸው የወለዱትን ልጅ በሸዋ ላይ ሊያነግሡ አሢረው ነበር። ነገሩ ከሸፈ፤ ንጉሡም ምሕረት ቢያደርጉ መለየታቸው አልቀረም። ስለዚህ ከጣይቱ ብጡል ጋር ጋብቻ በታሰበ ጊዜ፥ ምኒልክ የሚፈልጉት የሚታመን ሰው ነበር፤ ከዚህም ጋር ሸዋን ይዘው ወደ ሰሜን የሚመለከቱ ንጉሥ ስለ ሆኑ፥ በስሜንና በበጌምድር፥ በየጁም ዘመድ ያላት ሴት ለመንግሥታቸው ትጠቅም ነበር። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቀርበው ሥጋውን ደሙን ተቀብለው በቁርባን ተጋቡ። በዚህ ጊዜ የጣይቱ ዕድሜ ከሠላሳ ያለፈ ነበር። ካህናት እንደሚያውቁት በቁርባን የታሰረ ጋብቻ እንደ ሰማንያ ጋብቻ በሽማግሌ ፊት የሚፈታ አይደለም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ከሰባት ወር፥ ሞት እስኪለያቸው ድረስ፥ ሁለቱ በአንድነት ኖሩ።

ልጅ ግን አልተሰጣቸውም። ምኒልክ ከሌሎች እናቶች የወለዷቸው ሴቶች ልጆች ዘውዲቱና ሸዋረጋ ነበሯቸው፤ ከእቴጌይቱ አንድም አልተወለደም። ከዚህ በኋላ ያለው የእቴጌ ጣይቱ ታሪክ ሁሉ ከዚህ ነገር ጋር የተያያዘ ነው። ልጅ ያላት ንግሥት ለልጇ ታስባለች፤ ማንም አይነቅፋትም። ልጅ የሌላት ግን ለወንድሟና ለወንድሟ ልጆች ስታስብ፥ ዘመድ አብዢ ተብላ ትነቀፋለች።

በ1879 ዓ.ም. ንጉሡ በዘመቻ ሳሉ እቴጌይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ወደ ፍልውሃ ሄዱ፤ የቦታውን ሙቀትና ልምላሜ ወደዱት፤ ቤትም ይሠራ ዘንድ ጠየቁ። ፊንፊኔ ይባል የነበረውን ይህን ስፍራ አዲስ አበባ ብለው የሰየሙት እርሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ለጤናና ለዕረፍት የተሠራ ቤት ነበር፤ መኳንንቱም በዙሪያው እየሰፈሩ በጥቂት ዓመት የመንግሥቱ መቀመጫ ሆነ።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት ሲባሉ፥ እቴጌይቱም ጥቅምት 27 ቀን በመድኃኔ ዓለም በዓል ዘውድ ደፉ፤ ብርሃን ዘኢትዮጵያም ተባሉ። ደረስጌ ላይ ውቤ ያመለጣቸው ዘውድ በሠላሳ አምስተኛው ዓመት በወንድማቸው ልጅ ራስ ላይ ተቀመጠ።

ከንግሡ አስቀድሞ በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ መንግሥት ጋር የተደረገው የውጫሌ ውል ዐሥራ ሰባተኛው ክፍል በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በሚኖራቸው ጉዳይ ሁሉ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ ይቻላቸዋል የሚል ነበር፤ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ አገሪቱን በጥገኝነት ሥር የሚያውል ነበር። ይህ በታወቀ ጊዜ፥ በ1883 ዓ.ም. ኮንት አንቶኔሊ ነገሩን ለማስታረቅ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በተደረገው ክርክር፥ እቴጌይቱ ከመጋረጃ በስተ ኋላ አልተቀመጡም። ቃል በቃል እየመዘኑ፥ ኢጣልያ የምታቀርበው አዲስ ቃል ሁሉ ያው የድሮው ጥገኝነት በሌላ ልብስ መሆኑን እየገለጡ፥ ከንጉሡ ይልቅ የጠነከሩ ተከራካሪ ሆኑ። የኢጣልያ መልእክተኞችም ወደ አገራቸው ሲጽፉ የእቴጌይቱን ስም በምሬት ያነሡት ነበር። ምኒልክ በጠባያቸው ነገርን በትዕግሥትና በዝግታ ማሸነፍ የሚወዱ ነበሩ፤ እምቢታውን ፊት ለፊት የሚናገርላቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር፤ ይህንንም ሥራ ባልና ሚስት ተካፍለውት የነበረ ይመስላል።

በ1888 ዓ.ም. ዘመቻ እቴጌይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው ወጡ፤ ወንድማቸው ራስ ወሌ ብጡልም በዘመቻው ነበሩ። በኅዳር ወር አምባ ላጌ ላይ ድል ከሆነ በኋላ የኢጣልያ ጦር በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ገብቶ ማጆር ጋሊያኖ ይጠብቀው ነበር። ምሽጉ በድንጋይና በእሾህ የታጠረ ስለ ነበር በሰይፍ ሊደርሱበት የሞከሩ ብዙ ሰዎች አለቁ። ውሃው ግን ከምሽጉ ውጭ ነበር። የውሃውን ምንጭ ይዞ ጠላትን በጥም ማስጨነቅ ይሻላል የሚለው ምክር የእቴጌ ጣይቱ ነው፤ የእርሳቸውም ወታደሮች ሄደው ምንጩን ያዙ። ከዚህ በኋላ በምሽጉ ውስጥ ያለው ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ በጥም ተጨነቀ፤ በጥር ወርም ምሽጉን ለቅቆ ወጣ። አምባን በጥምና በረኃብ ማስለቀቅ በተራራ አገር ያደገ ሰው ከአባቶቹ የሚሰማው ጥበብ ነው፤ የስሜን ልጅ ይህን ምክር ማምጣታቸው አያስደንቅም።

የካቲት 23 ቀን በጊዮርጊስ በዓል በዓድዋ በሆነው ጦርነት እቴጌይቱ ጥቁር ጥላ አስይዘው፥ ፊታቸውን ገልጠው፥ በእግራቸው ከጦሩ ኋላ ሆነው ይጸልዩ እንደ ነበር ዜና መዋዕሉ ይመሰክራል። ካህናቱ ታቦቱን ይዘው፥ አቡነ ማቴዎስም በዚያው ነበሩ። ወደ ኋላ የሚያመነታውን ወታደር ድሉ የእኛ ነው እያሉ ያበረቱት ነበር። ከእርሳቸው ጋር ያሉት ሴቶች በእንስራና በገንቦ ውሃ እየተሸከሙ ለተዋጊውና ለቈሰለው ያደርሱ ነበር፤ ዐሥር ሺህ ያህል ሴቶች ነበሩ የሚሉ አሉ። የእንጀራ ልጃቸው ወይዘሮ ዘውዲቱም በዚያ ቀን አብረዋቸው ነበሩ።

ከዓድዋ በኋላ ባለው ሰላም እቴጌይቱ ጋብቻን እንደ ጦር መሣሪያ ሠሩበት። የወንድማቸውን የራስ ወሌን ልጅ ወይዘሮ ከፈይን ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ መንገሻ ዳሩ፤ በዚህም የስሜን ደም ከትግሬው የንጉሥ ቤት ጋር ተገናኘ። የራስ ወሌን ወንድ ልጅ ጉግሣን ደግሞ ከምኒልክ ልጅ ከዘውዲቱ ጋር አጋቡ። ጉግሣ ወሌ መጽሐፍ የሚወዱ፥ ሃይማኖተኛ ሰው ነበሩ፤ ስማቸው ራሱ የየጁውን አያት የሚያስታውስ ነው፤ ኋላም የበጌምድር ገዥ ሆኑ። ዘውዲቱ እቴጌይቱን እንደ እናት ይመለከቱ ነበር። ልጅ ያልወለዱ እናት የባላቸውን ልጅና የወንድማቸውን ልጅ በአንድ ቤት ሲያዩ ምን እንዳሰቡ መገመት አያስቸግርም።

እጃቸው በሥራም አልቦዘነም። በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው እቴጌ ሆቴል የእርሳቸው ነው፤ ለእንግዳ በገንዘብ ማብላትና ማሳደር በመኳንንት ዘንድ እንደ ውርደት በሚቈጠርበት ጊዜ ይህን ማድረጋቸው ብዙውን ሰው አስገርሟል። የሰም ሻማና የሱፍ ምንጣፍ የሚሠራበት ቤትም አቁመዋል።

የዐፄ ምኒልክ ሕመም በጠናበት ጊዜ ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ራስ መኰንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ፥ ሐረርጌ ለደጃዝማች ይልማ መኰንን ሲሰጥ፥ የእቴጌይቱን የሥጋ ዘመድ ስላገቡ ነው ተብሎ ታማ። ንጉሠ ነገሥቱ አልጋ ወራሻቸው የወይዘሮ ሸዋረጋና የራስ ሚካኤል ልጅ ኢያሱ እንዲሆኑ ሲያስታውቁ፥ እቴጌይቱ በ1901 ዓ.ም. ለልጅ ኢያሱ የራስ መንገሻንና የወይዘሮ ከፈይን ልጅ ሮማነወርቅን ዳሩላቸው። ሙሽራዪቱ የዐፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ፥ ለእቴጌይቱም የወንድማቸው የልጅ ልጅ ነበረች፤ ሙሽሮቹ ሁለቱም ገና ልጆች ነበሩ። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ አንደበታቸው ተያዘ፤ ከዚያ ወዲህ ሹመትና ሽረት በእቴጌይቱ ቃል ይወጣ ጀመር።

የሸዋ መኳንንት ይህን አልታገሡም። ክሳቸው ሁለት ነበር፤ አንደኛው ሴት በንጉሥ ስም ታዛለች የሚል፥ ሁለተኛው ሹመቱን ለሰሜን ዘመዶቿ ታድላለች የሚል ነው። የሁለተኛው ክስ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ዘመዶቻቸውን ሾመዋል፥ አጋብተዋልም። ነገር ግን ከሳሾቹ ራሳቸው በዘመድ የተሾሙ፥ በጋብቻ የተሳሰሩ ሰዎች ነበሩ፤ እቴጌይቱ ከወረዱ በኋላም የሮማነወርቅ ጋብቻ ፈርሶ ልጅ ኢያሱ የጎጃሙን የራስ ኃይሉን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያገቡ ተደረገ። እንግዲህ በጋብቻ መንግሥት ማሰር ራሱ ነውር አልነበረም፤ ጥያቄው ከማን ቤት ጋር የሚለው ነበር። እቴጌይቱ ባይመከሩ ያልተመሰገኑበት አንድ ነገር ግን አለ፤ የሸዋን መኳንንት ልብ በፍቅር መያዝን ቸል አሉ። ብርቱ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በጠላቱ ብልሃት ሳይሆን በዚህ ነው።

መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. መኳንንቱና የመሐል ሰፋሪ ወታደር ተስማምተው እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ ተለይተው በሽተኛውን ንጉሠ ነገሥት እንዲያስታምሙ ብቻ አደረጉ፤ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውም እንደራሴ ሆነው ቀሩ። ከዚህ ጥቂት ቀን በፊት፥ በየካቲት ወር፥ ሐረርጌ ለራስ መኰንን ሁለተኛ ልጅ ለደጃዝማች ተፈሪ ተሰጥቶ ነበር፤ ከእቴጌይቱ የመጨረሻ ሹመቶች አንዱ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ከአልጋው አጠገብ ኖሩ። ያን ሁሉ ሥልጣን ይዘው የኖሩ ሴት፥ መናገር የተሳናቸውን ባላቸውን ሲያገላብጡና ሲያጠቡ፥ ሹመኛ ሲሾም በወሬ ብቻ ሲሰሙ ኖሩ። በቁርባን የገቡትን ቃል በዚህ ዘመን እንደ ፈጸሙት ጠላቶቻቸውም አልካዱም። ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ እንዳይነገር ተደረገ፤ እቴጌይቱም ከግቢ ወጥተው ወደ እንጦጦ እንዲሄዱ ተደረገ። ከዘውድ በፊት የኖሩበት፥ ዘውድ የደፉበት ተራራ የግዞት ቤታቸው ሆነ። ወይዘሮ ዘውዲቱም ወደ ፋሌ ተላኩ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፤ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፥ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ሆኑ። የእንጀራ ልጃቸው መንገሣቸው ለእቴጌ ጣይቱ ሥልጣን አልመለሰላቸውም፤ ራስ ጉግሣ ወሌም ከሚስታቸው ተለይተው በበጌምድር እንዲቀመጡ ተደረገ፤ መኳንንቱ ጣይቱን በጉግሣ በኩል ዳግመኛ እንዳያዩ ይፈሩ ነበርና። በ1910 ዓ.ም. በኅዳር እቴጌይቱ ወደ ጎንደር ሄደው የቀረ ዕድሜያቸውን በአባቶቻቸው አገር እንዲፈጽሙ ፈቃድ ለመኑ፤ ተከለከሉ። በሦስተኛው ወር የካቲት 4 ቀን አረፉ። ያ ቀን የንግሥት ዘውዲቱ የንግሥ በዓል አንደኛ ዓመት ነበር።

ራስ ጉግሣ በበጌምድር ዐሥራ ሦስት ዓመት ተቀመጡ። በመጨረሻ ከንጉሥ ተፈሪ ጋር ተጣልተው ጦር አነሡ፤ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ሜዳ በደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ከሚመራው ጦር ጋር ገጠሙ። ከውጊያው አስቀድሞ አውሮፕላን በሰማይ እየዞረ የግዝት ወረቀት በጉግሣ ሠራዊት ላይ በተነ፤ በኋላም ቦምብ ጣለ። ደብረ ታቦርና ጎንደር ያደገ ወታደር ግዝት ከሰማይ ሲወርድበት ያየው ያን ጊዜ መጀመሪያ ነው። ራስ ጉግሣ በውጊያው ሞቱ። በሁለተኛው ቀን መጋቢት 24፥ በዓቢይ ጾም፥ ንግሥት ዘውዲቱ አረፉ።

የእቴጌ ጣይቱ ዐፅም ኋላ ከእንጦጦ ተነሥቶ በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ከዐፄ ምኒልክ አጠገብ አረፈ፤ ንግሥት ዘውዲቱም በዚያው ናቸው። የጥሩወርቅ ልጅ የዓለማየሁ ዐፅም ግን አሁንም በዊንድሶር ነው፤ ወደ አገሩ እንዲመለስ ኢትዮጵያ ጠይቃ፥ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. በዚያ የተቀበሩትን የሌሎችን ዐፅም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ሲል መልሷል።